የአካዳሚክ ታማኝነት፦ በዩኒቨርሲቲ ኩረጃና ማጭበርበር የሚያስከትሉት ውጤት፣ የተማሪው መብትና ሕጋዊ አማራጮች

ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ ደባርቅ የሚደርስ፣ ወይም ዳባትን አልፎ ወደ ጎንደር የሚዘልቅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ብቻውን አይጓዝም። ከእርሻውና ከከብቱ ቀንሶ የሚልክለት ቤተሰብ፣ ያስተማሩት መምህራን፣ እርሱን አርአያ አድርገው የሚጠብቁ ታናናሾች አብረውት አሉ። ተማሪው በፈተና አዳራሽ ወይም በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ በሚፈጽመው ማጭበርበር ምክንያት ከትምህርቱ ቢሰናበት ጉዳቱ እነዚህን ሁሉ ያገኛቸዋል። ጥፋቱ ሳይታወቅ ቢመረቅ ደግሞ ጉዳቱ በእርሱ ዕውቀት ላይ እምነት ጥለው ወደሚታከሙ፣ ወደሚማሩና ድልድይ ወደሚሻገሩ ሰዎች ይዛወራል።

ይህ ጽሑፍ ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለሌሎች ተገልጋዮች የተዘጋጀ ነው። የአካዳሚክ ታማኝነትን ትርጉም፣ እንደ ጥፋት የሚቆጠሩ ድርጊቶችን፣ የዲሲፕሊን ሂደቱን፣ የተከሰሰ ተማሪ መብቶችንና ጥፋቱ ከምረቃ በኋላ የሚያስከትለውን ውጤት ያብራራል። ተማሪዎችን ወደ ማጭበርበር ለሚገፏቸው የተለመዱ ችግሮች ያሉትን ሕጋዊ አማራጮችም ያመለክታል።

የአካዳሚክ ታማኝነት ምንድን ነው?

የአካዳሚክ ታማኝነት ማለት አንድ ተማሪ፣ መምህር ወይም ተመራማሪ የራሱ አድርጎ የሚያቀርበው ሥራ በእርግጥ የራሱ መሆኑ፣ ከሌላ ሰው የወሰደውን ከማን እንደወሰደ መግለጹ፣ ያቀረበው መረጃም በትክክል የተሰበሰበ መሆኑ ነው። ዲግሪ የአንድ ተቋም የምስክርነት ቃል ነው። ተቋሙ የዲግሪው ባለቤት የተጠቀሰውን ትምህርት ተምሮ፣ ተፈትኖና ብቁ ሆኖ መገኘቱን ለማያውቁት ሰዎች ይመሰክራል። ስለዚህ ኩረጃ የተቋሙን ምስክርነት ሐሰት ያደርገዋል፤ ጉዳዩም በተማሪውና በመምህሩ መካከል ብቻ የሚቀር አይሆንም።

የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የሚተዳደሩት በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ነው። አዋጁ የተማሪዎችንና የመምህራንን መብትና ግዴታ ይደነግጋል። ዝርዝር የፈተና ሥርዓት፣ የዲሲፕሊን ጥፋቶችና ቅጣቶች የሚወሰኑት እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ባወጣው የሴኔት ሕግና የተማሪዎች የሥነ ምግባር መመሪያ ነው። በመሆኑም ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ አጠቃላይ ነው። ተማሪው ለራሱ ጉዳይ የሚጠቅሰው የተመዘገበበትን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሊሆን ይገባል።

እንደ ጥፋት የሚቆጠሩ ድርጊቶች

1. በፈተና ጊዜ መኮረጅ። ከሌላ ተፈታኝ ወረቀት መገልበጥ፣ ሆን ብሎ ማስኮረጅ፣ አጤሬራ ይዞ መግባት፣ በክንድ ወይም በዴስክ ላይ መጻፍ፣ የተከለከለ ስልክ ወይም ሌላ የመገናኛ መሣሪያ ይዞ መገኘት በዚህ ውስጥ ይጠቃለላሉ። የሚያስኮርጅ ተማሪም እንደሚኮርጀው ሊጠየቅ ይችላል።

2. ለሌላ ሰው መፈተን። በሌላ ሰው መታወቂያ ወደ ፈተና አዳራሽ መግባት ወይም ሌላ ሰው በራስ ስም እንዲፈተን ማድረግ ከከባድ ጥፋቶች የሚመደብ ነው።

3. ፈተና ማውጣትና ማሰራጨት። የፈተና ጥያቄን ከተያዘለት ጊዜ በፊት ማግኘት፣ መሸጥ፣ መግዛት ወይም በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨት ከዲሲፕሊን አልፎ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

4. የጽሑፍ ስርቆት። የሌላን ሰው ጽሑፍ፣ ሐሳብ፣ ሠንጠረዥ ወይም ሥዕል ምንጩን ሳይጠቅሱ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ቃላቱን መለዋወጥ ጥፋቱን አያስቀርም። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ወይም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ምንጩን ሳይጠቅሱ ማቅረብም ያው ስርቆት ነው።

5. በክፍያ ማጻፍ። አሳይመንት ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ሌላ ሰው በገንዘብ እንዲጽፍ ማድረግ፣ ወይም ቀደም ሲል የተመረቀ ተማሪን ጽሑፍ ስምና ዓመተ ምሕረት ቀይሮ ማስረከብ ነው። ጽሑፍ በመተየብና በማባዛት የሚሰጥ አገልግሎት ሕጋዊ ነው፤ ይዘቱን በተማሪው ፈንታ ማዘጋጀት ግን ማጭበርበር ነው።

6. መረጃ መፍጠርና ማዛባት። ያልተደረገን ቃለ መጠይቅ እንደተደረገ፣ ያልተሞላን መጠይቅ እንደተሞላ፣ ያልተለካን ነገር እንደተለካ አድርጎ ማቅረብ ነው።

7. ውጤትን ወይም ሰነድን መለወጥ። በገንዘብ፣ በዝምድና ወይም በሌላ ጥቅም ውጤት ማስቀየር፣ ትራንስክሪፕት መደለዝ፣ ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ በዚህ ሥር ይወድቃሉ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ ጽሑፍን እንደራስ ሥራ ማስረከብም በተመሳሳይ ዓይን ሊታይ ይችላል። መምህሩ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን የፈቀደው እስከምን ድረስ እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅና ጥቅም ላይ የዋሉ ከሆነም በግልጽ ማሳወቅ የተማሪው ኃላፊነት ነው።

የተፈቀደውና ያልተፈቀደው በምሳሌ

ሁለት ተማሪዎች በደባርቅ ገበያ የገብስ ዋጋን የሚያጠና የቡድን ሥራ ተሰጣቸው እንበል። ገበያው ላይ አብረው ቢውሉ፣ የሰበሰቡትን ዋጋ ቢለዋወጡና በትንታኔው ላይ ቢከራከሩ የተፈቀደ ትብብር ነው። መምህሩ እያንዳንዱ ለብቻው ጽፎ እንዲያስረክብ አዝዞ ሳለ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ገልብጦ ቢያስረክብ ግን ጥፋት ነው። አንደኛው ሦስት የገበያ ቀናት ብቻ ተገኝቶ የአሥር ቀናት ዋጋ ቢመዘግብ መረጃ ፈጥሯል። ሦስት ቀን ብቻ መገኘቱን ገልጾ ጥናቱ በዚህ የተወሰነ መሆኑን ቢጽፍ ግን ሥራው አነስተኛ ቢሆንም ታማኝ ነው፤ በዚህ ምክንያት በዲሲፕሊን አይጠየቅም።

ታማኝነት በአካባቢው ለምን ያስፈልጋል?

የሰሜን ጎንደር አካባቢ በርካታ ምርምሮች የሚካሄዱበት ነው። በዳባት ወረዳ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕዝብና የጤና ክትትል ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ይሠራል። መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ ልደትን፣ ሞትንና የነዋሪዎችን እንቅስቃሴ ይመዘግባሉ። እንዲህ ያለ መዝገብ የሚጠቅመው መረጃ ሰብሳቢው በእርግጥ ከእያንዳንዱ ቤት ደጃፍ ደርሶ የጠየቀ እንደሆነ ብቻ ነው። ዳገቱ ከብዶት በጥላ ሥር ተቀምጦ መጠይቁን የሚሞላ ሰው በሽታ ያለበትን ቀበሌ ጤነኛ አስመስሎ ያሳያል። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የሚመደብ ባለሙያና መድኃኒትም ወደሌላ ስፍራ ይሄዳል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ሌላ ማሳያ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የዋልያ ቁጥር መቀነስና በፓርኩ ላይ የደረሰው ጫና እ.ኤ.አ. በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ እንዲገባ አደረጉት፤ ከዚህ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። በእነዚህ ዓመታት የተወሰኑ ውሳኔዎች በቆጠራና በመስክ ጥናት ላይ የተመሠረቱ ነበሩ። በገደል አፋፍ ሳይቆም ዋልያ የቆጠረ የሚያስመስል ጥናት ለፓርኩም፣ ከፓርኩ ጋር ኑሮው ለተሳሰረው ገበሬም አይበጅም።

ከአገራዊው ተሞክሮ

የፈተና ስርቆትና ኩረጃ በአገር ደረጃ ያስከተሉት ጉዳት በቅርብ ዓመታት በግልጽ ታይቷል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ቅጂ በማኅበራዊ ሚዲያ በመሰራጨቱ ፈተናው በግንቦት 22 ቀን ተቋረጠ። ወደ 254 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች፣ ጥያቄውን ያዩትም ያላዩትም፣ እስከ ሐምሌ ጠብቀው እንደገና ለመፈተን ተገደዱ። ጥቂቶች ለፈጸሙት ጥፋት ዋጋውን በታማኝነት የተዘጋጁት ጭምር ከፍለዋል።

ስርቆትንና ኩረጃን ለመከላከል የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጓጉዘው እንዲፈተኑ ተደረገ። በዚያ ዙር ውጤታቸው ይፋ ከሆነው 896,520 ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ወይም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች መካከል 48,929 ወይም 8.4 በመቶ የማለፊያ ውጤት አግኝተዋል። እነዚህ ቁጥሮች የወደቀ ሁሉ ቀድሞ ይኮርጅ ነበር ማለት አይደሉም። የመምህራንና የመጻሕፍት እጥረት፣ የጸጥታ ችግርና የትምህርት መቋረጥ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም ትክክለኛ ፈተና በኩረጃ ተሸፍኖ የነበረን የትምህርት ጥራት ጉድለት ወደ አደባባይ ያወጣል፤ ያልታየ ጉድለት ደግሞ አይታረምም።

በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ተመሳሳይ ሚና ያለው የመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው በመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሁሉ ዘንድ መሰጠት የጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ወይም 40.65 በመቶ ነበሩ። ይህ ፈተና የተማሪውን የዓመታት ትምህርት በአንድ ጊዜ ይመዝናል። በየሴሚስተሩ በጓደኛ ወረቀት ያለፈ ተማሪ ያለ ጓደኛው የሚቀመጥበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

የዲሲፕሊን ሂደቱና ቅጣቶቹ

በፈተና አዳራሽ ጥፋት ሲታይ ፈታኙ የተገኘውን ማስረጃ ይይዛል፤ የሆነውን በጽሑፍ መዝግቦም ለትምህርት ክፍሉ ያቀርባል። በጽሑፍ ሥራ ላይ ጥርጣሬ ሲነሣ አማካሪው ወይም ገምጋሚው ተመሳሳይ ሪፖርት ያቀርባል። ጉዳዩ እንደ ክብደቱ በትምህርት ክፍል፣ በኮሌጅ ወይም በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በሚገኝ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይታያል። ኮሚቴው የተማሪውን መልስ ሰምቶና ማስረጃውን መዝኖ የውሳኔ ሐሳብ ወይም ውሳኔ ይሰጣል።

በዩኒቨርሲቲዎች ሕጎች በአብዛኛው የሚገኙት ቅጣቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• የቃል ወይም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፤
• የተኮረጀበትን ፈተና ወይም አሳይመንት ውጤት መሰረዝ፤
• በትምህርቱ ዓይነት ኤፍ መስጠት፤
• የመመረቂያ ጽሑፉን ውድቅ ማድረግና ምረቃውን ማዘግየት፤
• ለአንድ ሴሚስተር፣ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከትምህርት ማገድ፤
• ከዩኒቨርሲቲው ሙሉ በሙሉ ማሰናበት፤
• ጥፋቱ ከምረቃ በኋላ ከተረጋገጠ ዲግሪውን መሻር።

ቅጣቱ ሲወሰን የጥፋቱ ክብደት፣ የመጀመሪያ ወይም ተደጋጋሚ መሆኑ፣ አስቀድሞ ታቅዶ መፈጸሙና የተማሪው አቀራረብ ግምት ውስጥ ይገባሉ። በውጤት ማነስ ምክንያት የሚሰናበት ተማሪና በማጭበርበር ምክንያት የሚሰናበት ተማሪ ሁኔታ አንድ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በዩኒቨርሲቲው ሕግ መሠረት ተመልሶ ለመማር ሊያመለክት ይችላል። የሁለተኛው የዲሲፕሊን ውሳኔ ግን በግል ማኅደሩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ወደ ሌላ ተቋም ለመዛወር ወይም ነጻ የትምህርት ዕድል ለማግኘት እንቅፋት ሊሆንበት ይችላል።

የተከሰሰ ተማሪ መብቶች

መከሰስ ጥፋተኛ መሆን አይደለም። በስህተት የሚጠረጠር፣ ሌላ ሰው የጣለው ወረቀት በእግሩ ሥር የተገኘበት ወይም ጽሑፉ ሳያውቅ የተገለበጠበት ተማሪ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ተማሪው የሚከተሉትን መብቶች ሊያውቅ ይገባል፦

• የቀረበበትን ክስ ዝርዝር የማወቅ፤
• ክሱ የተመሠረተበትን ማስረጃ የማየትና መልስ የመስጠት፤
• የራሱን ምስክሮችና ማስረጃ የማቅረብ፤
• ከጉዳዩ ጋር የጥቅም ግጭት ያለበት ሰው በውሳኔው እንዳይሳተፍ የመጠየቅ፤
• ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ የማግኘት፤
• በዩኒቨርሲቲው ሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ይግባኝ የማቅረብ።

የይግባኝ ጊዜ አጭር ሊሆን ስለሚችል ተማሪው ውሳኔው በደረሰው ዕለት የቀን ገደቡን ከዲሲፕሊን መመሪያው ማረጋገጥ አለበት። ተቆጥቶ ወደ ቤተሰብ መመለስና ጊዜውን ማሳለፍ ብዙ ጊዜ ሊስተካከል ይችል የነበረን ጉዳይ ያዘጋል። ወላጆችም ልጃቸውን ከመውቀሳቸው በፊት የውሳኔውን ደብዳቤ ማንበባቸውና የይግባኙን ቀን መጠየቃቸው ይመከራል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው የአቤቱታ መንገድ ካለቀ በኋላ የአስተዳደር በደል ተፈጽሞብኛል የሚል ተማሪ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላል። ለአማራ ክልል ነዋሪዎች ተቋሙ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው።

ከምረቃ በኋላ የሚከተለው

ያልተደረሰበት ማጭበርበር በምረቃ ቀን አይዘጋም። ቀጣሪ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን የትምህርት ማስረጃ ትክክለኛነት ካስረከበው ተቋም ወይም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ያጣራሉ። ማጣራቱ በቅጥር ጊዜ ብቻ ሳይሆን በዕድገት፣ በዝውውርና በሥራ ላይ ባሉ ዓመታትም ሊደረግ ይችላል። ማስረጃው ሐሰተኛ ሆኖ የተገኘበት ሰው ሥራውን ያጣል። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የኢትዮጵያ ፌዴራል ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። ሐሰተኛውን ሰነድ የሚያዘጋጅ ወይም መዝገብ የሚደልዝ የመንግሥት ሠራተኛ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ሊከሰስ ይችላል። የሌላ ሰው የፈጠራ ሥራ መውሰድ ደግሞ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ባለመብቱ እንዲከስ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የጊዜ መርዘም ጥፋቱን እንደማያስረሳው የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ያሳያል። በጀርመን የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ በዶክትሬት ጽሑፋቸው ላይ የጽሑፍ ስርቆት በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ዲግሪያቸው ተሽሮ ሥልጣናቸውን ለቀዋል። የዚያው አገር የትምህርት ሚኒስትር የነበሩት አኔተ ሻቫን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ያገኙት ዶክትሬት ከ33 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በዩኒቨርሲቲው ተሽሮባቸው ከሥራቸው ተሰናብተዋል። ጽሑፍ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቆያል፤ የማነጻጸሪያ መሣሪያዎች ግን በየዓመቱ ይሻሻላሉ።

ከማጭበርበር በፊት ያሉ ሕጋዊ አማራጮች

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ወደ ኩረጃ የሚገቡት ሌላ መውጫ የሌላቸው ስለሚመስላቸው ነው። ለአብዛኞቹ ችግሮች ግን ሕጋዊ መንገድ አለ፤ ይህም መንገድ ሴሚስተር ቢያስከፍል እንኳ ዲግሪን አያስከፍልም።

ሕመም ወይም ሐዘን ሲያጋጥም። በፈተና ቀን በሕመም፣ በወሊድ ወይም በቅርብ ዘመድ ሞት ምክንያት መገኘት ያልቻለ ተማሪ ማስረጃ አቅርቦ በተለምዶ ሜክ አፕ የሚባለውን የማካካሻ ፈተና ሊጠይቅ ይችላል። ማመልከቻው ሳይዘገይ መቅረብ አለበት። መንገድ በመዘጋቱ የዘገየ ተማሪም ያጋጠመውን ከአካባቢው አስተዳደር በሚሰጥ ማስረጃ ማስረዳት ይጠቅመዋል።

በቂ ዝግጅት ሳይኖር። ትምህርቱ የከበደው ተማሪ በአካዳሚክ የጊዜ ሰሌዳው በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ አንዳንድ ኮርሶችን መቀነስ፣ ወይም ሴሚስተሩን በሕጋዊ መንገድ አቋርጦ በኋላ ለመመለስ ማመልከት ይችላል። ይህ በተለምዶ ዊዝድሮዋል የሚባለው ነው። ሳያሳውቁ መጥፋት ግን የመመለስ መብትን ያጠባል። ሴት ተማሪዎችና የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው የድጋፍ ክፍሎች በኩል ማጠናከሪያ ትምህርት መጠየቅ ይችላሉ።

የትምህርት መቋረጥ ያስከተለው ክፍተት። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተካሄደው ጦርነት ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው ብዙ ቤተሰቦች ወደ ደባርቅና ዳባት ተፈናቅለዋል፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ የነበረ ተማሪ መሠረታዊ ትምህርት ቢጎድለው አያስገርምም። ይህን ለመምህሩና ለአካዳሚክ አማካሪው ቀድሞ መናገር እንጂ በአጤሬራ መሸፈን ክፍተቱን አይሞላውም።

በፈተና መውደቅ። የመውጫ ፈተናን በመጀመሪያው ዙር ያላለፈ ተመራቂ በሚቀጥሉት ዙሮች እንደገና ሊፈተን ይችላል። በአንድ ኮርስ ኤፍ ያገኘ ተማሪም እንደ ዩኒቨርሲቲው ሕግ ኮርሱን መድገም ወይም ድጋሚ ፈተና መውሰድ ይችላል። ውጤቱ በስህተት ተሰጥቶኛል የሚል ከሆነ የፈተና ወረቀቱ እንደገና እንዲታረም በጽሑፍ ይጠይቃል።

ምንጭ መጥቀስ አለማወቅ። ብዙ የጽሑፍ ስርቆት የሚመነጨው ከተንኮል ሳይሆን ካለማወቅ ነው። ሆኖም አለማወቅ ሁልጊዜ ከቅጣት አያድንም። ተማሪው ማንበብ ሲጀምር የጸሐፊውን ስም፣ የጽሑፉን ርእስ፣ ዓመቱንና ገጹን በማስታወሻው ላይ ይመዝግብ። ቃል በቃል የወሰደውን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ያስገባ፤ በራሱ አገላለጽ ያስቀመጠውንም ምንጭ ይጥቀስ። ረቂቁንና የመስክ ማስታወሻውን እስከ ምረቃ ድረስ ያስቀምጥ። በስህተት ቢከሰስ ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ይህ ነው።

የማስረጃ መጥፋት። በመፈናቀል፣ በቃጠሎ ወይም በዘረፋ የትምህርት ማስረጃው የጠፋበት ሰው ሐሰተኛ ማስረጃ እናሠራለን ከሚሉ ደላሎች መራቅ አለበት። የብሔራዊ ፈተና ውጤት መዝገብ በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት፣ የዩኒቨርሲቲ ውጤት መዝገብ ደግሞ በሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ስለሚገኝ ባለቤቱ የመጥፋቱን ማስረጃ ከፖሊስ ይዞ ከእነዚህ ተቋማት ማረጋገጫ ሊጠይቅ ይችላል። እውነተኛ ውጤት የነበረው ሰው ችኩል ሆኖ የተጭበረበረ ወረቀት ቢያቀርብ ትክክለኛው ማስረጃው ሳይቀር በጥርጣሬ ይታያል።

ጥፋትን ስለመጠቆም

ፈተና በሽያጭ ላይ መሆኑን፣ ውጤት በገንዘብ እንደሚለወጥ ወይም ውጤት ለመስጠት ተገቢ ያልሆነ ነገር እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው ለዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ክፍል ወይም ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ሊጠቁም ይችላል። ጥቆማው የታየውን ነገር፣ ቀኑን፣ ቦታውንና ማስረጃውን ቢይዝ ለማጣራት ይቀላል። ማስረጃ የሌለውን ወሬ በማኅበራዊ ሚዲያ ማሰራጨት ግን የንጹሕን ሰው ስም ያጠፋል፤ እውነተኛውን ጥፋተኛም ያስጠነቅቃል።

አገልግሎቱ የት ይገኛል?

• የዲሲፕሊን ውሳኔ፣ ይግባኝና የውጤት አቤቱታ፦ ተማሪው በተመዘገበበት ዩኒቨርሲቲ። በአካባቢው የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ በደባርቅ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በጎንደር ከተማ ይገኛሉ።
• ትራንስክሪፕት፣ ጊዜያዊ ማስረጃና ዲግሪ፦ የየዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት።
• የብሔራዊ ፈተና ውጤት ማረጋገጫ፦ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት።
• የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃ ማጣራት፣ የውጭ አገር ማስረጃ አቻ ግምትና የግል ተቋማትን የዕውቅና ሁኔታ ማረጋገጥ፦ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን።
• የአስተዳደር በደል አቤቱታ፦ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም።

ተገልጋዮች ወደ እነዚህ ተቋማት ሲሄዱ የታደሰ መታወቂያ፣ ጉዳዩን የሚመለከቱ ደብዳቤዎች ዋናና ቅጂ፣ እንዲሁም የተማሪ መለያ ቁጥር መያዝ ይገባቸዋል። በሌላ ሰው በኩል የሚፈጸም ጉዳይ ሕጋዊ ውክልና ሊጠይቅ ስለሚችል ከአዲ አርቃይ ወይም ከሌላ ሩቅ ወረዳ የሚነሣ ሰው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት የሚያስፈልጉትን ሰነዶች ማጣራቱ ድካምና ወጪ ይቀንስለታል።

በማንኛውም ደረጃ ላይ የሚገኝ ተማሪ አንድ ነገር ሊያስታውስ ይገባል። የወደቀበትን ኮርስ መድገም ይቻላል፤ የባከነ ሴሚስተርም ይካካሳል። በማጭበርበር የተገኘ ዲግሪ ግን ባለቤቱ በሄደበት ሁሉ ጥያቄው ይከተለዋል። በራሱ ድካም የተማረ ሰው ማስረጃው በማንኛውም ቀን ቢጣራ አይሰጋም።